ሊንክ ያልደረሰው ገጽ፦ የፍለጋ ሞተሮች አዲስ ድረ ገጽን የሚያገኙበትና የሚጎበኙበት ሥርዓት

መግቢያ

አንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎቹን የመመረቂያ ጽሑፎች በአዲስ ድረ ገጽ ላይ አኖረ እንበል። ሰርቨሩ ይሠራል፤ አድራሻውን የሚያውቅ ሁሉ ጽሑፎቹን ከፍቶ ማንበብ ይችላል። ይሁንና ከወራት በኋላ የአንዱን ጽሑፍ ሙሉ ርእስ በፍለጋ ሞተር ላይ የሚጽፍ ተመራማሪ ምንም ላያገኝ ይችላል። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የይዘት ጥራት ወይም የቋንቋ ጉዳይ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ መኖሩን ለማሳየት ይሞክራል፤ ይኸውም ወደ ገጹ የሚያደርስ መንገድ አለ ወይ የሚለው ነው። የፍለጋ ሞተር አንድን ገጽ የሚመዝነው ካገኘው በኋላ ነው፤ የሚያገኘውም በአብዛኛው ሌላ ገጽ ሲጠቁመው ነው።

በዚህ ጽሑፍ «ድረ ገጽ» በአንድ አድራሻ ሥር ያለውን ሙሉ ስብስብ፣ «ገጽ» ደግሞ በውስጡ የሚገኘውን አንድ ሰነድ ያመለክታል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሦስቱ ደረጃዎች

በተለምዶ «ጎግል ላይ መውጣት» እየተባለ የሚጠቀሰው ነገር ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ያጠቃልላል። የመጀመሪያው ማግኘት ነው፤ የፍለጋ ሞተሩ የአንድን አድራሻ መኖር ያውቃል። ሁለተኛው መጎብኘት ነው፤ ክራውለር የሚባለው ቃኚ ፕሮግራም ወደ አድራሻው ጥያቄ ልኮ ሰነዱን ያወርዳል። ሦስተኛው መመዝገብ ነው፤ የወረደው ሰነድ ተተንትኖ ለፍለጋ በሚያመች ማውጫ ውስጥ ይገባል። አንዱ ደረጃ መፈጸሙ ለቀጣዩ ዋስትና አይሆንም።

የቃኚው አሠራር በመሠረቱ ቀላል ነው። አስቀድመው ከታወቁ አድራሻዎች ይነሣል፤ እያንዳንዱን ገጽ አውርዶ በውስጡ ያሉትን ሊንኮች ያወጣል፤ ከዚህ በፊት ያላያቸውን በወረፋ ይይዛል፤ ከዚያም ከወረፋው እያነሣ ይቀጥላል። ሰርጌ ብሪንና ሎውረንስ ፔጅ በ1998 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባወጡት ጽሑፍ የገለጹት የመጀመሪያው ጎግል በዚህ መንገድ 24 ሚሊዮን ገጾችን ሰብስቧል። እያንዳንዱ ቃኚ በአንድ ጊዜ 300 ያህል ግንኙነቶችን ይከፍት ነበር፤ አራቱ ቃኚዎች በአንድነት ሲሠሩም ፍጥነታቸው በሰከንድ ከ100 ገጽ በላይ ይደርስ ነበር። ነገር ግን ፍጥነቱ ምንም ያህል ቢጨምር፣ በወረፋው ውስጥ ያልገባ አድራሻ አይጎበኝም።

አዲስ ድረ ገጽ በድር ግራፍ ውስጥ

የችግሩን ቅርጽ በግልጽ ያሳየው አንድሬ ብሮደርና ባልደረቦቹ በ2000 ያሳተሙት ጥናት ነው። አጥኚዎቹ አልታቪስታ የተባለው የፍለጋ ሞተር በ1999 የሰበሰባቸውን ከ200 ሚሊዮን በላይ ገጾችና 1.5 ቢሊዮን ገደማ ሊንኮች መረመሩ። በውጤቱም በመካከል 56 ሚሊዮን ያህል ገጾች ያሉት ማእከላዊ ክፍል ተገኘ፤ በዚህ ክፍል ከየትኛውም ገጽ ተነሥቶ ሊንክ በመከተል ወደ የትኛውም መድረስ ይቻላል። በአንድ ወገን 43 ሚሊዮን ያህል ገጾች ወደ ማእከሉ የሚወስድ ሊንክ እያላቸው ከማእከሉ ወደ እነርሱ የሚመጣ መንገድ የላቸውም። በሌላው ወገን ደግሞ ከማእከሉ የሚደረስባቸው፣ ነገር ግን ወደ ማእከሉ የማይመልሱ ተመጣጣኝ ቁጥር ያላቸው ገጾች አሉ። ከእነዚህ ውጭ የተንጠለጠሉና ጨርሶ የተነጠሉም ይገኛሉ።

አዲስ ድረ ገጽ በተፈጥሮው የሚወለደው በመጀመሪያው ወገን ነው። አዘጋጆቹ ወደ መጽሔቶች፣ ወደ ቤተ መጻሕፍትና ወደ መንግሥት ተቋማት ሊንክ ያስቀምጣሉ፤ ወደ እነርሱ የሚጠቁም ግን ገና የለም። ቃኚው የሚጓዘው በሊንኩ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ውጭ የሚወጡ ሊንኮችን ማብዛት አዲሱን ድረ ገጽ እንዲገኝ አያደርገውም። በአንጻሩ ቃኚው አዘውትሮ ከሚጎበኘው ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ዋና ገጽ የሚመጣ አንድ ሊንክ አቀማመጡን ሊለውጠው ይችላል።

ከተገኘ በኋላ፦ ወረፋና ፈቃድ

በወረፋ መግባት ወዲያውኑ መጎብኘት ማለት አይደለም። ጁንጉ ቾ፣ ሄክተር ጋርሲያ ሞሊናና ፔጅ በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ ወረፋው በገጾቹ የሊንክ ክብደት ሲደረደር ተፈላጊ ገጾች ቀድመው እንደሚወርዱ አሳይተዋል። የዚህ ግልባጩ ጥቂት ጠቋሚ ያለው አዲስ ገጽ ወደ ኋላ መገፋቱ ነው። አላን ሄይደንና ማርክ ናዮርክ በ1999 የገለጹት መርካቶር የተባለው ቃኚ ደግሞ ሌላ ገደብ ያክላል። ሰርቨርን ላለማጨናነቅ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰርቨር አንድ ሰነድ ብቻ ያወርዳል፤ በጥያቄዎቹ መካከልም ይቆያል። በዚህ ዓይነት ሥርዓት ቀርፋፋ ሰርቨር ያለው ድረ ገጽ ቢገኝም እንኳ በዝግታ ይጎበኛል።

የፈቃድ ጉዳይም አለ። ማርታይን ኮስተር በ1994 ያቀረበውና በ2022 አርኤፍሲ 9309 ተብሎ በመደበኛነት የወጣው ደንብ፣ ቃኚው አስቀድሞ የሮቦትስ ፋይልን እንዲያነብ ይጠይቃል። ፋይሉ ከሌለ መጎብኘት ይቻላል። ፋይሉ በሰርቨር ብልሽት ምክንያት ሊነበብ ካልቻለ ግን ቃኚው ድረ ገጹ በሙሉ እንደተከለከለ አድርጎ መውሰድ አለበት። ስለዚህ በግንባታ ወቅት «ሁሉም ይከልከል» ተብሎ የተጻፈና በኋላ የተረሳ አንድ መስመር፣ ወይም ተደጋጋሚ የሰርቨር ብልሽት፣ ለሰው ክፍት የሆነውን ድረ ገጽ ለቃኚው ዝግ ያደርገዋል።

ከሊንክ ሌላ ያሉ አማራጮች

ጎግል በ2005 ያስተዋወቀውና በ2006 ያሁና ማይክሮሶፍት የተቀበሉት ሳይትማፕ የድረ ገጹን አድራሻዎች ዘርዝሮ የሚያቀርብ ፋይል ነው። አንዱ ፋይል እስከ 50,000 አድራሻ ይይዛል፤ መጠኑም ሳይታመቅ ከ50 ሜጋባይት አይበልጥም። ማይክሮሶፍት ቢንግና ያንዴክስ በ2021 ያቀረቡት ኢንዴክስናው ደግሞ ባለቤቱ የአዲስ ገጽን መኖር በቀጥታ እንዲያስታውቅ ያስችላል። ሁለቱም ጥቆማዎች እንጂ ትእዛዞች አይደሉም። በተጨማሪም የሳይትማፑን ቦታ በሮቦትስ ፋይል ውስጥ መጻፍ የሚጠቅመው ቃኚው ያን ፋይል ለማንበብ ከመጣ ብቻ ነው። ምንም ሊንክ የሌለው ድረ ገጽ ሳይትማፑን ለፍለጋ ሞተሩ ራሱ ማስገባት ይኖርበታል።

ሊንክን ብቻ የመከተል ወሰን በአሐዝም ተለክቷል። አኒርባን ዳስጉፕታና ባልደረቦቹ በ2007 ባቀረቡት ጥናት መሠረት፣ አዲስ ሊንክ የት እንደሚወጣ አስቀድሞ በትክክል የሚያውቅ ቃኚ ቢኖር ከ3 በመቶ ባነሰ ተጨማሪ ወጪ 90 በመቶ የሚሆነውን አዲስ ይዘት ያገኝ ነበር። ያለፈ መረጃን ብቻ ይዞ የሚገምተው እውነተኛ ቃኚ ግን የአዲሱን ይዘት አንድ አራተኛ በቀልጣፋ መንገድ ሊያገኘው አይችልም።

ለአማርኛ ድረ ገጾች ያለው ትርጉም

ከላይ የተባለው ለማንኛውም ቋንቋ ይሠራል፤ ሆኖም ለግእዝ ፊደል ተለይተው የሚጠቀሱ ነጥቦች አሉ። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። በድር አድራሻ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት በመቶኛ ምልክትና በሁለት ቁምፊዎች ስለሚተካ አንዱ ፊደል ዘጠኝ ቁምፊ ይሆናል፤ 30 ፊደል ያለው ርእስም ወደ 270 ቁምፊ ያድጋል። ከዚህም በላይ «ሠ» እና «ሰ»፣ «ፀ» እና «ጸ» ለአንባቢ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለሰርቨር የተለያዩ አድራሻዎች ናቸው። «ሥነ ጽሑፍ» ተብሎ የተሠየመን ገጽ «ስነ ጽሁፍ» ብሎ የሚጠቁም ሊንክ የትም አያደርስም። ለአድራሻው አጭር ቋሚ መለያ ቁጥር መስጠት፣ አማርኛውን ርእስ ግን በገጹና በሊንኩ ጽሑፍ ላይ ማኖር ይመረጣል። የሊንኩ ጽሑፍ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብሪንና ፔጅ ይህን ጽሑፍ ለተጠቆመው ገጽ ጭምር ስለመዘገቡት ገና ያልተጎበኘን ገጽ እንኳ በፍለጋ ውጤት ማቅረብ ይቻል ነበር።

ሌላው መሰናክል በመፈለጊያ ሣጥን ብቻ የሚከፈት የሰነድ ክምችት ነው። የጎግል ተመራማሪዎች በ2008 ቅጾችን በራሱ የሚሞላ ዘዴ ቢያቀርቡም፣ በዚህ ላይ መተማመን አያዋጣም። ጽሑፎቹን በዓመትና በትምህርት ክፍል ዘርዝሮ በተራ ሊንክ ማገናኘት ርካሽና አስተማማኝ ነው።

ማጠቃለያ

አንድ ድረ ገጽ በፍለጋ ሳይታይ ሲቀር መጀመሪያ ሊመረመር የሚገባው የሰርቨሩ የጉብኝት መዝገብ ነው። ቃኚው ጨርሶ ካልመጣ ችግሩ የመገኘት ነው፤ መፍትሔውም ሊንክና ሳይትማፕ ነው። የሮቦትስ ፋይልን ጠይቆ ከተመለሰ ፈቃዱና የሰርቨሩ ጤንነት ይታያል። ገጾቹን አውርዶ በፍለጋ ካልወጡ ብቻ ወደ ይዘቱ መሄድ ተገቢ ይሆናል። ይኸው መዝገብ ለምርምርም ያገለግላል፤ አንድ የአማርኛ ገጽ ከታተመበት ቀን እስከ መጀመሪያው ጉብኝት ያለውን ጊዜ፣ ሊንክ ባላቸውና በሌላቸው ገጾች መካከል እያነጻጸሩ መለካት በአንድ ሰርቨርና በአንድ ሴሚስተር ሊሠራ የሚችል ጥናት ነው።