የቤተሰብን መሬት በሕይወት ሳሉ ወቅፍ ስለ ማድረግ

ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ ሰላምና እዝነት በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ወንድሜ ሆይ! ደክመህ ያፈራኸው መሬት ካንተ በኋላ ለልጆችህ መጠጊያ ይሆን ዘንድ ትመኛለህ። ነገር ግን አባት ከተቀበረ በኋላ መሬቱ ሲቆራረስ፥ አንዱ ሲሸጥ፥ ሌላው ሲከስ፥ ወንድማማቾችም ሰላምታ ሲነፋፈጉ አይተሃል። ስለዚህ ወቅፍ ለማድረግ ብታስብ ሐሳብህ መልካም ነው፤ ሆኖም የወቅፍን መሠረት አስቀድመህ እወቅ።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (አላህ ሥራቸውን ይውደድላቸው) በኸይበር መሬት ባገኙ ጊዜ፥ ከዚያ የሚበልጥ ሀብት ኖሯቸው አያውቅም ነበር። ነቢዩን ምክር ቢጠይቁ፥ ዋናውን ይዘው ፍሬውን ይመጸውቱ ዘንድ አመለከቷቸው። ስለዚህ መሬቱ የማይሸጥ፥ የማይሰጥና የማይወረስ ሆነ፤ ፍሬውም ለድሆች፥ ለዘመዶች፥ ለባሮች ነፃነት፥ ለመንገደኛና ለእንግዳ ተመደበ። ይህንን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አቡ ዳውድም እንደ ዘገቡት፥ ዑመር የወቅፉን ጥበቃ በአደራ የሰጡት ለሴት ልጃቸው ለሐፍሳ ነው። ዙበይር ኢብኑል ዐዋምም ቤቶቻቸውን ወቅፍ ሲያደርጉ፥ ከባሏ ተፈትታ የተመለሰች ልጃቸው እንድትኖርባቸው ደነገጉ።

እንግዲህ አስተውል! የቀደሙት ወቅፍን ለሴት ልጅ መጠለያ አደረጉት፤ ዛሬ ግን አንዳንድ አባት ሴት ልጁን ከውርስ ማስወጫ ያደርገዋል። «መሬቴ ወደ ባዕድ እንዳይሄድ ነው» ይላል። የአብራክህ ክፋይ ባዕድ ናትን? የኑዕማን ኢብኑ በሺር አባት ለአንድ ልጁ ብቻ ስጦታ ሰጥቶ ነቢዩን ምስክር ይሆኑለት ዘንድ በለመናቸው ጊዜ፥ በበደል ላይ ለመመስከር እንቢ ማለታቸውን አትርሳ። አላህ በአን-ኒሳእ ምዕራፍ የወሰነላትን ድርሻ በወረቀት ልታስቀርባት አትሞክር።

መሬትህን ወቅፍ ልታደርግ ብትወድ እነዚህን ጠብቅ።

አንደኛ፥ አስቀድመህ ዕዳህን ክፈል፤ ወቅፍ ከባለ ዕዳ መሸሸጊያ አይደለምና።

ሁለተኛ፥ በጤናህ ሳለህ አድርገው፤ በሞት ሕመም የተደረገ ወቅፍ እንደ ኑዛዜ ስለሚቆጠር ከሲሶው ሊያልፍ አይገባም። በብዙዎቹ ሊቃውንት ዘንድ ወቅፍ ከጸና በኋላ አይመለስምና፥ ሳትቸኩል አስብ።

ሦስተኛ፥ የመሬቱን ወሰን፥ ወንዶችም ሴቶችም ተጠቃሚዎችን፥ ዘር ቢቋረጥ ፍሬው ለድሆች መሆኑን፥ የሚጠብቀውንም ናዚር በምስክሮች ፊት ጻፍ።

አራተኛ፥ የምትኖርበትን አገር ሕግ ጠይቅ። በግብፅ በ1952 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ ቁጥር 180 የቤተሰብን ወቅፍ ሽሮ፥ ለበጎ አድራጎት የተደረገውን ብቻ አስቀርቷል። ሕጉን ሳያውቅ የጻፈ ሰው ልጆቹን ለሌላ ክርክር ይዳርጋል።

ወንድሜ ሆይ! ዛሬ ማታ ከመተኛትህ በፊት የልጆችህን ስም አንድ በአንድ ቁጠር። በጽሑፍህ ውስጥ የአንዲቱ ስም ቢጎድል፥ ጽሑፉን ሳትፈርም ተመለስ። አላህ ሀብታችንን ንጹሕ፥ ልጆቻችንንም የሚዋደዱ ያድርግልን። አሚን።