ስለ ውርስ

ውርስ የሚለው ቃል አንድ ነው፤ ትርጓሜው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ልጆች በየስፍራው ለይተው ማወቅ ይገባቸዋል።

መጀመሪያ፥ መውረስ ማለት ሟች ትቶት የሄደውን ሀብት መቀበል ነው። ርስት የሚለውም ቃል ወረሰ ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ነው። በቀድሞ ዘመን በጎጃምና በበጌምድር ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይቈጠር ነበር፤ ወንዱም ሴቷም ይካፈሉት ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ወላጅ ሳይናዘዝ ቢሞት ልጆቹ ሁሉ እኩል እንዲካፈሉ አዘዘ።

ሁለተኛ፥ መውረስ ማለት መውሰድ ይሆናል። በ1967 ዓ.ም. መንግሥት የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ብሎ ባወጀ ጊዜ፥ በዚያውም ዓመት የከተማውን ትርፍ ቤት በወሰደ ጊዜ፥ ሰዎች «ተወረሰ» አሉ። በዚህ ትርጓሜ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ሀብቱ ከእጁ ይወጣል።

ሦስተኛ፥ ሰው መልክን ይወርሳል። ሜንዴል የሚባል መነኵሴ በብርኖ ከተማ በገዳሙ አትክልት ስፍራ አተር እየዘራ ይህን ነገር መረመረ፤ ያገኘውንም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1866 ዓመት በጽሕፈት አወጣ። ረጅሙን አተር ከአጭሩ ጋራ ባዳቀለ ጊዜ የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ረጅም ሆነ፤ በሁለተኛው ትውልድ ግን ከአራቱ አንዱ ያህል አጭር ሆኖ በቀለ። እንዲሁም የአያት መልክ በልጅ ተሰውሮ በልጅ ልጅ ሊገለጥ ይችላል። ይህን ውርስ ዳኛ አያካፍለውም፤ ሌባም አይሰርቀውም።

አራተኛ፥ ገበሬ ያልታረመ እርሻ ባየ ጊዜ «አረም ወረሰው» ይላል። የዚህም ምሳሌ እንደሚከተለው ነው።

አንድ ገበሬ ለሁለት ልጆቹ አንድ የጤፍ እርሻ ትቶላቸው ሞተ። ወንድማማቾቹ ስለ ድንበሩ ተጣሉ፤ የዘሩትንም ጤፍ ትተው ክረምቱን ሁሉ በዳኛ ፊት ሲከራከሩ ከረሙ። ለጠበቃና ለስንቅም ብለው በሬዎቻቸውን ሸጡ። በመጨረሻ ዳኛው እኩል እንዲካፈሉ ፈረደ። ድንበሩን ሊለኩ ከሽማግሌዎች ጋራ በሄዱ ጊዜ ግን ጤፉ አይታይም ነበር፤ እርሻውን ሁሉ አረም ሸፍኖት አገኙት። ከሽማግሌዎቹም አንዱ፥ «ልጆቼ፥ እናንተ ስትከራከሩ ሌላ ወራሽ ቀደማችሁ» አላቸው። ወንድማማቾቹም አፍረው ዝም አሉ፤ በማግሥቱም አብረው ለማረም ወጡ።

እንግዲህ ውርስን መቀበል ብቻ አይበቃም፤ መጠበቅና መሥራት ያስፈልጋል። በጠብ ሥራውን የተወ ሰው የአባቱን ሀብት ለአረም ያወርሳል።