የአሮጌ መኪና እውነት በምን ይታወቃል?



በዚህ ዓመት አንድ የተማሪ አባት ወረቀት ይዘው ወደ ቢሯችን መጡ። በናይሮቢ መሃል ከተማ አንድ ሻጭ ሜርኩሪ ኮሜት የተባለ አሮጌ የአሜሪካ መኪና አቅርቦላቸው ነበር። «በ1964ቱ የሳፋሪ ራሊ የተወዳደረ ነው» በመባሉም ዋጋው ከሌላ አሮጌ መኪና እጅግ ከፍ ብሏል። አባትየው ለልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ሊያወጡበት አስበዋል። እኛን የጠየቁን ወረቀቱን እንድናነብላቸው ብቻ ነው፤ እኛ ግን በፈቃዳቸው ለስምንተኛ ክፍል ትምህርት አደረግነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሻጩ ታሪክ ከባዶ የተነሣ አይደለም። በ1953 የተጀመረው የሳፋሪ ራሊ ናይሮቢን በዓለም ያስጠራ ውድድር ነው። በ1964 ከአሜሪካ የሜርኩሪ ኮሜት ቡድን መጥቶ ተወዳድሯል። አሸናፊው ፎርድ ኮርቲና ሲሆን፣ ከኮሜቶቹ ውድድሩን የጨረሱት ሁለት ብቻ ናቸው። በዚያው ዓመት ሞዴል ፖንቲያክ ጂቲኦም ወጣ። በመካከለኛ አካል ላይ ትልቅ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር የተጫነባቸው፣ «መስል ካር» የሚባሉት መኪናዎች ዘመን በእርሱ እንደ ጀመረ ብዙዎች ይናገራሉ። ስለዚህ የተባለው ነገር ሊሆን የሚችል ነው። ሊሆን የሚችል ነገር ሁሉ ግን ሆኗል ማለት አይደለም። ለማወቅ አራት ምስክሮችን እንጠይቃለን።

የመጀመሪያው ምስክር የሻንሲ ቁጥር ነው። ዛሬ የምናውቀው ባለ 17 ምልክት ቁጥር ሥራ ላይ የዋለው ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ አሠራር ነበረው። በ1964 የፎርድና የሜርኩሪ ቁጥር 11 ምልክት ነበረው፦ የመጀመሪያው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት፣ ቀጥሎ ያለው ፊደል ፋብሪካውን፣ ሁለቱ አሃዞች የአካሉን ዓይነት፣ አምስተኛው ምልክት ሞተሩን፣ የቀሩት ስድስት አሃዞች ተራ ቁጥሩን ያሳያሉ።

ቁጥሩ ግን ሁሉን አይናገርም። በ1964 እና በ1965 ጂቲኦ የለማንስ ሞዴል ተጨማሪ ምርጫ ስለ ነበር ከቁጥሩ አይለይም። በ242 በሚጀምር የራሱ ቁጥር መታወቅ የጀመረው በ1966 ነው። ተራውን ለማንስ ጂቲኦ አስመስሎ መሸጥ ቀላል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምስክር ብረቱ ነው። አካሉ ላይ የተመታው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ይስማማል? በቁጥሩ ዙሪያ አዲስ ብየዳ ወይም ስቱኮ አለ? ሞተሩ ሲቀለጥ የታተመበት ቀን መኪናው ከተገጣጠመበት ቀን መቅደም አለበት። ከዘገየ ሞተሩ ተቀይሯል።

ሦስተኛው ምስክር የባለቤትነት ሰነድ ነው። ሎግቡኩ በማን ስም ነው? ከማን ወደ ማን ተላለፈ? ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ ያስቆጠረ መኪና እንዳይገባ ስለምትከለክል፣ አሮጌ መኪና መቼና እንዴት እንደ ገባ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አራተኛው ምስክር ከሻጩ ጋር ጥቅም የማይጋራ ሰው ወይም ሰነድ ነው። በሞይ ጎዳና ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ በባንዳ ጎዳና የማክሚላን ቤተ መጻሕፍት አሉን። የዘመኑን ጋዜጣና ፎቶግራፍ አግኝቶ ታርጋውንና የውድድር ቁጥሩን ማመሳከር ይቻላል። አስገራሚ ታሪክ ሁሉ ሐሰት አይደለም፤ ጆጊንደር ሲንግ በ1965 ሳፋሪን ያሸነፈው በተገዛ አሮጌ ቮልቮ ነበር። ይህን የምናምነው ግን በወቅቱ የተመዘገበ ስለ ሆነ ነው።

ወደ አባትየው ወረቀት እንመለስ። ቁጥሩን ያነበበችው አንዲት ተማሪያችን ነበረች። የጀመረው በ4 ሳይሆን በ5 ነው። የ1965 ሞዴል ኮሜት ደግሞ የተሠራው የ1964ቱ ራሊ ካለፈ በኋላ ነው። ክፍሉ ዝም አለ። አባትየው ገንዘባቸውን አላወጡም።

ሻጩን ግን ሌባ ብለን አልፈረድንም። እርሱም ከሌላ የሰማውን አምኖ ሊሆን ይችላል። መኪናውም «የ1965 ኮሜት ነው» ተብሎ ቢሸጥ ነውር አልነበረበትም። ያበላሸው የሌላውን ታሪክ መልበሱ ነው።

ልጆች፣ ከዚህ ትምህርት ቤት ስትወጡ በማታውቁት አገር ያለ ሰው የእናንተንም ሰርተፊኬት እንዲሁ ይመረምራል፦ ቁጥሩን፣ ማኅተሙን፣ መዝገቡን። ስለዚህ ያልሠራችሁትን ውጤት አንጽፍላችሁም፤ የሠራችሁትንም አናስቀርባችሁም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ለውይይት፦
1. ከአራቱ ምስክሮች ለማጭበርበር የሚከብደው የትኛው ነው? ለምን?
2. ሞተሩ የተቀየረ መኪና ሐሰተኛ ይባላል?
3. በቤታችሁ ከሚነገር የቤተሰብ ታሪክ አንዱን ምረጡ። ምስክሮቹ እነማን ናቸው?