ስለ ጨረር መጠንና ስለ መለኪያው

በካኮና በጂንካ አገር ከብት የሚያረባ ሰው ገንዲ የሚባለውን በሽታ ያውቃል። ላሚቱ ትከሳለች፤ ጠጕሯ ይቆማል፤ ወተቷም ይነጥፋል። በሬውም ከቀንበር በታች ይደክማል። በሽታውን የሚያመጣው ትሪፓኖሶማ የተባለ በዓይን የማይታይ ሕዋስ ሲሆን፣ ከከብት ወደ ከብት የሚያደርሰው በማጎና በኦሞ ቆላ የሚገኘው የቆላ ዝንብ ነው።

ይህን ዝንብ ለማጥፋት ከተገኙት ዘዴዎች አንዱ ለሰሚው እንግዳ ነው፤ ዝንብን በዝንብ ማጥፋት ነውና። ወንዱ ዝንብ በብዛት ይረባል፤ በጨረር ይመክናል፤ ከዚያም ወደ ቆላው ይለቀቃል። እንስቲቱ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ስለምትገናኝ፣ መካኑን ያገኘች እንደ ሆነ ዘር አይኖራትም። ለደቡብ ስምጥ ሸለቆ የሚሆን ዝንብ የሚረባበት ስፍራ በአዲስ አበባ በቃሊቲ በ1999 ዓ.ም. ተከፍቷል። ሽማግሌዎች ጨረር ያገኘው ዝንብ ከብቱን ይጎዳ እንደ ሆነ ቢጠይቁ፣ አይጎዳም፤ ፋኖስ የበራበት ሰው ራሱ ፋኖስ እንደማይሆን፣ ዝንቡም ጨረር አያወጣም።

ዳሩ ግን የሥራው ሁሉ ጭንቅ በመጠኑ ላይ ነው። ጨረሩ ያነሰ እንደ ሆነ ዝንቡ ይወልዳል፤ ድካሙም ሁሉ ጠላትን መቀለብ ይሆናል። የበዛ እንደ ሆነ ደግሞ ይደክምና ከዱሩ ወንድ ጋር መወዳደር አይችልም። መስፈሪያው ግሬይ ይባላል። ለቆላ ዝንብ የሚሰጠው ከ100 ግሬይ ብዙ አይርቅም፤ ሰው ግን በመላ ሰውነቱ 5 ግሬይ ያህል በአንድ ጊዜ ቢቀበል፣ ሕክምና ካላገኘ ለሞት የቀረበ ነው። ደግሞም ጨረር የሚሰጠው ኮባልት 60 በ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ የዛሬው ደቂቃ ለከርሞ አይበቃም፤ በየጊዜው መለካት ያስፈልጋል።

መለኪያውም ስስ ፊልም ነው። በላዩ የተቀባው ነገር ኦርጋኒክ ነው፤ ይኸውም እንደ ሥጋና እንደ እንጨት በካርቦን ላይ የተመሠረተ ማለት ነው። ጨረር ሲያገኘው ጥቃቅኑ ክፍሎች በክር እንደተሰካ ጨሌ ይያያዛሉ፤ ፊልሙም ሰማያዊ ይሆናል። ጨረሩ በበዛ መጠን ቀለሙ ይጠልቃል። በዝንቡ ዕቃ ውስጥ መካከሉና ዳሩ እኩል ጨረር ስለማይቀበሉ፣ ፊልሙ በልዩ ልዩ ስፍራ ይደረጋል።

ኦርጋኒክ መሆኑ ስለምን ይጠቅማል? ሥጋ በብዛት ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ነው። ፊልሙም ከነዚሁ የተሠራ ስለ ሆነ ጨረሩን እንደ ሥጋ ያህል ይቀበላል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ብዙዎቹ መለኪያዎች ግን ከሲሊኮን የተሠሩ ናቸው፤ ሲሊኮንም ከካርቦን ይከብዳልና፣ በተለይ ደካማውን የራጅ ጨረር ከሥጋ አብልጦ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ሒሳቡን ማረም ግድ ይሆናል።

የፊልሙ ጉድለት መዘግየቱ ነው። ቀለሙ ከጨረሩ በኋላ ጥቂት እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ብዙ ጊዜ የሚነበበው በማግስቱ ነው፤ ከፀሐይ ብርሃንም መሠወር አለበት። ስለዚህ ሊቃውንት ኤሌክትሪክ ከሚያስተላልፍ ፕላስቲክ መለኪያ መሥራት ጀምረዋል። እንዲህ ያለውን ፕላስቲክ ያገኙት ሂገር፣ ማክዲያርሚድና ሺራካዋ በ2000 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ጨረር ሲያርፍበት በውስጡ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ መጠኑም ወዲያው ይታወቃል። እንደ ጨርቅ ስለሚታጠፍም በሕመምተኛ ገላ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ሆኖም እርጥበትና አየር ያበላሹታል፤ ጨረር ባይነካውም ንባቡ ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጣል፤ ስለዚህ እስካሁን አብዛኛው ሥራ በቤተ ሙከራ ነው።