ጫማና እግር በይፋት ቁልቁለት

ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ጣርማበር ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል 1300 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ሸዋ ሮቢት የሚወርድ እግረኛ ሁለት ነገሮች ይገጥሙታል፤ ቁልቁለትና ሙቀት። ሁለቱም የጫማውን ልክ ይለውጡበታል።

ቁልቁለቱን እናስቀድም። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ15 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ ሲቆም ከክብደቱ ሩብ ያህሉ፣ ማለትም 15 ኪሎ ገደማ፣ ወደ ታች ይገፋዋል። ጫማው መሬቱን ቆንጥጦ ቢይዝ እንኳ እግሩ በጫማው ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተታል። የሚያቆመው የቁርጭምጭሚቱ ማሰሪያ ካልሆነ ጥፍሩ ነው። ከረጅም ቁልቁለት በኋላ የአውራ ጣት ጥፍር የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው።

የሙቀቱ አሠራር ግን ሌላ ነው። ሰውነት ሙቀቱን ለማስወጣት በቆዳው ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ፈሳሽም በስበት ኃይል ወደ እግር ይወርዳል። እናም በደብረ ብርሃን የማለዳ ብርድ የተለካ ጫማ ከሰዓት በኋላ ሮቢት ላይ ቢጠብ ሊያስደንቀን አይገባም። ላብ ያራሰው ቆዳ ደግሞ ሰበቃው ይጨምራል፤ ከካልሲው ጋር ተጣብቆ ሲቀር አጥንቱ ከሥሩ ይንቀሳቀሳል። በዚህ መካከል የቆዳው ንብርብሮች ይላቀቁና ክፍተቱን ፈሳሽ ይሞላዋል፤ እግሩ ውኃ ቋጠረ የምንለው ይህንን ነው። ላብ የማይመጥ ኮንጎ ጫማ ችግሩን ያባብሰዋል። በረባሶ አየር ያስገባል፤ እሾህም ያስገባል።

በበረዶ ተራራ ላይ በስኪ የሚጓዙ ሰዎች ይህንኑ ችግር ሁለት ጠባይ ባለው ጫማ ይወጡታል። ሽቅብ ሲወጡ የጫማውን አንገት ያላላሉ፣ ተረከዙንም ከስኪው ይለቅቃሉ፤ ቁልቁል ሲወርዱ ሁለቱንም ይቆልፋሉ። ኢትዮጵያን ወክሎ በ1998 እና በ2002 ዓ.ም. በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረው ሮቤል ተክለማርያም የተጫማው ግን ተረከዙ ምንጊዜም ነጻ የሆነውን የሜዳ ስኪ ጫማ ነበር። አበበ ቢቂላም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ አሸንፏል፤ የቀረበለት ጫማ አልተመቸውም ነበርና። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ግን ተጫምቶ ሮጦ ሰዓቱን አሻሽሏል።

ስለዚህ ጫማ ከሰዓት በኋላ፣ ካልሲ አድርጎ፣ ቆሞ፣ በሚበልጠው እግር ይለካ፤ የሁለት እግር መጠን እኩል የሚሆነው አልፎ አልፎ ነውና። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ተረከዝን ወደ ኋላ አስጠግቶ ማሰሪያውን ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ማጥበቅ ጥፍርን ያድናል። የስኳር ሕመምተኛ ግን የእግሩ ስሜት ሊደነዝዝ ስለሚችል ጫማው ሲልጠው ላይሰማው ይችላል። ማታ ማታ እግሩን በዓይኑ ይመርምር፤ ውኃ የቋጠረውንም አያፈርጠው፣ ለሐኪም ያሳይ።