የአክሲዮን ደረጃ ምዘና የግዢን ጊዜ ይጠቁማልን?

መግቢያ

አክሲዮን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁለት ጥያቄዎች ይገጥሙታል፤ የትኛውን ይግዛ? መቼስ ይግዛ? ለሁለቱም አጭር መልስ የያዘ የሚመስለው የአክሲዮን ተንታኞች የሚያወጡት የደረጃ ምዘና ነው። ተንታኙ የኩባንያውን ሒሳብ መርምሮና የወደፊት ገቢውን ገምቶ ድምዳሜውን «አጥብቀህ ግዛ»፣ «ግዛ»፣ «ያዝ» ወይም «ሽጥ» በሚል አንድ ቃል ያስቀምጠዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ቃል የግዢን ጊዜ ለመምረጥ ምን ያህል እንደሚያገለግል፣ ረጅም የምርምር ታሪክ ባለው የአሜሪካ ገበያ ላይ በመመሥረት መመርመር ነው።

ምዘናው የሚሸከመው ትርጉም

ምዘናን በትክክል ለማንበብ በቅድሚያ የቃላቱን ክፍፍል ማወቅ ያስፈልጋል። ኬንት ዎማክ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጥናት ከ1989 እስከ 1991 የወጡ ምክሮችን መርምሮ ለአንድ «ሽጥ» ሰባት ያህል «ግዛ» እንደነበረ አሳይቷል። ይህ ሚዛን ያጣ ክፍፍል ከሦስት ምክንያቶች ይመነጫል። አንደኛው፣ ብዙዎቹ ተንታኞች የሚሠሩት ከሚመዘኑት ኩባንያዎች የአክሲዮን ሽያጭና የውሕደት ሥራ ገቢ በሚያገኙ የኢንቨስትመንት ባንኮች ውስጥ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ተንታኙ ከኩባንያው አመራር ጋር ያለውን ቅርበት ማጣት አለመፈለጉ ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ ተስፋ ያልጣለበትን ኩባንያ «ሽጥ» ከማለት ይልቅ መከታተሉን መተው የሚቀለው መሆኑ ነው።

በዚህም የተነሣ ቃሉ ከሚለው በታች ይመዝናል። ኡልሪኬ ማልሜንዲየርና ዴቪን ሻንቲኩማር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ትልልቅ ባለሀብቶች ይህንን ቅናሽ እንደሚያደርጉ አሳይተዋል፤ «አጥብቀህ ግዛ» ሲባል ይገዛሉ፣ «ግዛ» ሲባል ዝም ይላሉ፣ «ያዝ» ሲባል ይሸጣሉ። ትንንሽ ባለሀብቶች ግን ቃሉን እንዳለ ወስደው «ግዛ» ሲባል ይገዛሉ። ስለሆነም በምዘናው ማዘንበል ዋጋ የሚከፍለው በአብዛኛው አቅሙ አነስተኛ የሆነው ገዢ ነው።

ሌላው ጉዳይ ምዘናው ከምን ጋር ተነጻጽሮ እንደተሰጠ ነው። «ከገበያው የተሻለ» የሚል ምዘና ዋጋው ይጨምራል ማለት አይደለም። ገበያው በመቶ 20 ወድቆ አክሲዮኑ በመቶ 15 ቢወድቅ ተንታኙ ትክክል ነበር፤ ገዢው ግን ከስሯል።

የቆመ ምዘናና የሚንቀሳቀስ ዋጋ

የኤንሮን ታሪክ የጊዜን ጥያቄ በጉልህ ያሳያል። የኩባንያው አክሲዮን እ.ኤ.አ. በ2001 መጀመሪያ ከ80 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ማብቂያ ከ1 ዶላር በታች ወረደ፤ ኩባንያውም ዲሴምበር 2 ቀን የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ዋጋው ከወር ወደ ወር ሲያሽቆለቁል አብዛኞቹ ተንታኞች እስከ ጥቅምት ድረስ «ግዛ» በሚለው ምዘናቸው ጸኑ። ምዘናውን የጊዜ ምልክት አድርጎ የተከተለ ሰው በ80 ዶላርም፣ በ50 ዶላርም፣ በ30 ዶላርም ያገኘው መልስ አንድ ነበር። ሁልጊዜ አንድ ሰዓት የሚያሳይ የቆመ ሰዓት ጊዜን ሊናገር አይችልም።

ከእነዚህ ዓመታት ውድቀቶች በኋላ ተቆጣጣሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ድርጅቶች የምዘናቸውን ትርጉምና ክፍፍል እንዲገልጹ ግዴታ ጣሉ። በ2003ም አሥር ታላላቅ ድርጅቶች 1.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈልና የምርምር ሥራቸውን ከኢንቨስትመንት ባንክ ሥራቸው ለመለየት ተስማሙ።

የጥናቶቹ ውጤት

ጥያቄው አዲስ አይደለም። አልፍሬድ ካውልስ እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው ጥናት ከ1928 እስከ 1932 አጋማሽ በ16 የፋይናንስ አገልግሎት ድርጅቶች የተሰጡ 7,500 ያህል የአክሲዮን ምክሮችን መርምሮ፣ አማካይ ውጤታቸው ከተራው አክሲዮን አማካይ በዓመት በመቶ 1.43 ያነሰ ሆኖ አገኘው።

የዎማክ ጥናት ግን ሌላ ገጽታ ገለጠ። እርሱ የመረመረው ምዘናው ያለበትን ደረጃ ሳይሆን ምዘናው የተለወጠበትን ቀን ነው። አዲስ የግዢ ምክር ከወጣ በኋላ ዋጋው በአማካይ በመቶ 2.4 ተጨማሪ ጭማሪ አሳይቷል፤ ጭማሪው ግን ብዙም ሳይቆይ ያበቃል። የሽያጭ ምክር ሲወጣ ደግሞ ዋጋው በስድስት ወር ውስጥ በመቶ 9.1 ተጨማሪ ቅናሽ አሳይቷል። «ሽጥ» ማለት ለተንታኙ ብዙ የሚያስከፍለው በመሆኑ፣ ሲነገር የበለጠ ቁም ነገር ይዞ መምጣቱ የሚጠበቅ ነው።

ናራሲምሃን ጀጋዲሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባቀረቡት ጥናት ይህንኑ አጠናከሩ። የምዘና ለውጥ ከምዘና ደረጃ ይልቅ አስተማማኝ ጠቋሚ ሆኖ ተገኘ። ከፍተኛ ምዘና የሚጠቅመው ዋጋቸውና ሌሎች የቁጥር መለኪያዎቻቸው መልካም በሆኑ አክሲዮኖች ላይ ብቻ ነው። መለኪያዎቻቸው ደካማ በሆኑት ላይ ግን ከፍ ያለ ምዘና ከባሰ ውጤት ጋር ተያይዟል።

መዘግየትና ወጪ

ለውጡ የሚናገረው ነገር ካለ ገዢው ለውጡን ቢከተል አያተርፍምን? ብራድ ባርበርና ሦስት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። ከፍተኛ ምዘና ያላቸውን አክሲዮኖች መግዛት፣ ዝቅተኛ ምዘና ያላቸውን ደግሞ ተበድሮ መሸጥ፣ ይዞታውም በየቀኑ ከተስተካከለ፣ ወጪ ሳይቀነስ በዓመት ከመቶ 4 በላይ ተጨማሪ ትርፍ ያስገኛል። ሆኖም ማስተካከሉ ሲዘገይ ትርፉ ይቀንሳል። ስልቱ የሚጠይቀው ግብይትም አንዳንዴ በዓመት የይዞታውን አራት እጥፍ ያልፋል። ለአብነት ያህል፣ ይዞታው በዓመት አራት ጊዜ ቢገለበጥና አንዱ መገለባበጥ የይዞታውን በመቶ 1 ቢያስወጣ፣ ወጪው ብቻ በመቶ 4 ይደርሳል። ጥናቱም ከወጪ በኋላ የቀረው ትርፍ ከዜሮ በላይ መሆኑ በአስተማማኝ ሁኔታ አልተረጋገጠም ሲል ደምድሟል። እነዚሁ ተመራማሪዎች በኋላ ጥናታቸውን ሲያራዝሙ በ2000ና በ2001 ሚዛኑ ተገልብጦ ዝቅተኛ ምዘና የነበራቸው አክሲዮኖች ከፍተኛ ምዘና ከነበራቸው በልጠው ተገኝተዋል።

ለኢትዮጵያ ገበያ የሚኖረው ፋይዳ

የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ በኋላ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፍቷል። ገበያው እያደገ ሲሄድ የአክሲዮን ምዘና መቅረቡ አይቀርም። ጥቂት ገዢና ሻጭ ባለበት ገበያ በአንድ ምዘና ምክንያት ብዙ ሰው በአንድ ቀን ለመግዛት ቢነሣ ዋጋው ከፍ የሚለው የመጨረሻው ገዢ ከመድረሱ በፊት ነው። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎች ገና ከጅምሩ ሊነሡ ይገባል፦ ለመዛኙ የሚከፍለው ማን ነው? ከሰጣቸው ምዘናዎች ምን ያህሉ «ሽጥ» ናቸው? ምዘናው የተሰጠው በየትኛው ቀንና በየትኛው ዋጋ ላይ ነው?

ማጠቃለያ

የቀረቡት ጥናቶች የደረጃ ምዘና ከንቱ ነው አይሉም። የሚሉት፣ ምዘናው ስለ ኩባንያው ለመመርመር መነሻ ይሆናል፤ የግዢ ሰዓት ግን አይሆንም ነው። ጸንቶ የቆየ «ግዛ» ስለ ጊዜ የሚነግረው ጥቂት ነው፤ አዲስ ለውጥ የሚነግረው አለው፤ አሉታዊ ለውጥም ከአዎንታዊው ይበልጥ ሊደመጥ ይገባል። ዜናውን ዘግይቶ ለሚሰማና በየግብይቱ ለሚከፍል ተራ ገዢ የግዢን ጊዜ የሚወስነው የአክሲዮኑ ዋጋ ከኩባንያው የማትረፍ አቅም ጋር ያለው ምጣኔና ገንዘቡ ሳይነካ ሊቆይ የሚችልበት ዘመን ነው። ይህንን መዝኖ የሚሰጠው ደግሞ ራሱ ገዢው እንጂ ተንታኙ አይደለም።