ፋይል መለወጡን ፕሮግራማችን በምን ያውቃል?

በአንድ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ስፔክትሮሜትር ከኮምፒዩተር ጋር ተገናኝቶ ሲሠራ እናስብ። መሣሪያው አንድ ልኬት በጨረሰ ቁጥር ውጤቱን በተወሰነ ፎልደር ውስጥ እንደ አዲስ ፋይል ያስቀምጣል። እኛ የጻፍነው ሌላ ፕሮግራም ደግሞ ያንን ፋይል አንብቦ ግራፍ ይሥላል። ሁለቱ ፕሮግራሞች በቀጥታ አይነጋገሩም፤ የሚገናኙት በፎልደሩ በኩል ብቻ ነው። ታዲያ የእኛ ፕሮግራም አዲስ ፋይል መምጣቱን በምን ያውቃል?

የመጀመሪያው ዘዴ እየደጋገሙ መጠየቅ ነው። ፕሮግራሙ በየሴኮንዱ የፎልደሩን ዝርዝር አንብቦ ከቀድሞው ዝርዝር ጋር ያመሳክራል። ነገሩ ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው የፖስታ ሣጥኑን ለማየት በየሰዓቱ ፖስታ ቤት እንደሚመላለሰው ያለ ነው። ፋይሎቹ ብዙ ሺህ ከሆኑ ኮምፒዩተሩ ምንም ለውጥ በሌለበት ጊዜም ሲደክም ይውላል፤ የመጠየቂያውን ጊዜ ብናራዝመው ደግሞ ወሬው ይዘገይብናል።

ሁለተኛው ዘዴ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ እንዲጠራን ማድረግ ነው። ወደ ፋይል የሚገባ ጽሑፍ ሁሉ በከርነሉ በኩል ስለሚያልፍ ለውጡን ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው። ሊኑክስ ለዚህ የሚያገለግለውን ኢኖቲፋይ የተባለ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው 2.6.13 ከርነል ውስጥ አካቷል፤ በማክ ኮምፒዩተሮችና በዊንዶውስም ተመሳሳይ አገልግሎት አለ። ፕሮግራማችን «ይህን ፎልደር ተከታተልልኝ» ብሎ ካስመዘገበ በኋላ ይተኛል። ለውጥ ሲኖር ከርነሉ የለውጡን ዓይነትና የፋይሉን ስም የያዘ አጭር መልእክት በወረፋ ላይ ያኖርለታል፤ ፕሮግራሙም ነቅቶ ያነባል።

ችግሩ የሚጀምረው መልእክቱን ከሚናገረው በላይ ስናምነው ነው። «ፋይል ተፈጠረ» የሚለው መልእክት የሚላከው ፋይሉ ስሙን ባገኘበት ቅጽበት ነው፤ በዚያን ጊዜ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ ቁራጭ በቁራጭ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። እኛም በውጭ አገር ለዶክትሬት ዲግሪ ስናጠና የገጠመን ይኸው ነበር። ግራፋችን አልፎ አልፎ በአንድ የሞገድ ርዝመት ላይ ድንገት ይቆረጥ ነበር። ኬብል ቀየርን፤ መሣሪያውን ደግመን አስተካከልን፤ እንዲያውም ከናሙናው ባሕርይ የመጣ ይሆናል ብለን የፊዚክስ ማብራሪያ መፈለግ ጀምረን ነበር። ጥፋቱ ግን ተጽፎ ያላለቀ ፋይል ያነብ የነበረው የራሳችን ፕሮግራም ነበር። ከመቆረጡም የባሰው የመጨረሻው ቁጥር ነው። 1250 ተብሎ ሊጻፍ ከታሰበው የደረሱት ሁለት አሃዞች ብቻ ከሆኑ ፕሮግራሙ 12 ብሎ ያነባል፤ 12 ደግሞ ራሱን የቻለ ቁጥር ስለሆነ «ስሕተት ነው» የሚል የለም።

በሊኑክስ ላይ አንዱ መፍትሔ «ሊጻፍበት የተከፈተው ፋይል ተዘጋ» የሚለውን መልእክት መጠበቅ ነው። ይህ በብዙ ሁኔታ ይበቃል፤ ሆኖም አንዱን ፋይል ብዙ ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ የሚጽፍ ፕሮግራም ያታልለናል። ፋይሉን የሚጽፈው ፕሮግራም በእጃችን ከሆነ የምንመርጠው ሌላ መንገድ አለ። ፋይሉ በመጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ተጽፎ ይዘጋል፤ ከዚያም በዚያው ዲስክ ክፍል ላይ እውነተኛ ስሙ ይሰጠዋል። የስም ለውጡ የማይከፋፈል አንድ ድርጊት ስለሆነ አንባቢው ፕሮግራም ወይ ሙሉውን ፋይል ያገኛል፣ ወይ ምንም አያገኝም። ብዙ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራሞችም ሥራችንን የሚያስቀምጡት በዚሁ መንገድ ነው። በዚህ ምክንያት ክትትሉን በነጠላ ፋይል ላይ ያደረገ ሰው ክትትሉ ከተተካው ከአሮጌው ፋይል ጋር ይቀርበታል፤ ፎልደሩን መከታተል ይሻላል።

መልእክት ሊጠፋም ይችላል። ወረፋው ልክ አለው፤ በሊኑክስ የተለመደው ወሰን 16,384 መልእክት ነው። ፕሮግራማችን ዘግይቶ ወረፋው ከሞላ የቀሩት ይጣሉና «ወረፋው ሞልቷል» የሚል አንድ መልእክት ብቻ ይደርሰናል። ፊዚክስ ለሚያጠኑ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የጋይገር መቁጠሪያም አንዱን ጨረር ቆጥሮ እስኪያገግም 100 ማይክሮሴኮንድ አካባቢ ይወስድበታል፤ በዚያ መካከል የመጣውን አይቆጥርም። የጠፋውን ቆጠራ በቀመር እናርማለን። የጠፋ መልእክት ግን በቀመር አይታረምም፤ የጠፋው የአንድ የተወሰነ ፋይል ስም ነውና። ደግነቱ ፋይሉ ራሱ በፎልደሩ ውስጥ አለ። ስለዚህ መልእክቱን እንደ ሙሉ መዝገብ ሳይሆን «ሂድና እይ» እንደሚል ጥሪ መውሰድ ይገባል፤ ወረፋው በሞላ ጊዜ ዝርዝሩን እንደገና ማንበብ ነው። ፕሮግራሙ ሥራ ሲጀምርም ክትትሉን አስቀድሞ አስመዝግቦ ዝርዝሩን ከዚያ በኋላ ያንብብ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ በመካከል የገባ ፋይል ሳይታይ ያልፋል። በትክክለኛው ቅደም ተከተል አንዱ ፋይል ሁለት ጊዜ ሊታይ ይችላል፤ የተሠራባቸውን ስሞች መዝግቦ መያዝ ለዚህ ይበቃል።

ፎልደሩ በኔትወርክ የተጋራ ከሆነና የሚጽፍበት ሌላ ኮምፒዩተር ከሆነ ኢኖቲፋይ አይረዳም፤ የእኛ ከርነል ያላየውን ለውጥ ሊነግረን አይችልምና። በዚህ ጊዜ ወደ መጀመሪያው፣ ወደ መመላለሱ ዘዴ እንመለሳለን።

አንባብያን በሊኑክስ ላይ ይህን ቢሞክሩ ጥሩ ነው። አንድ ፕሮግራም የፋይል መፈጠርን ብቻ እንዲከታተል አስመዝግቦ ሳያነብ አንድ ደቂቃ ይተኛ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ፕሮግራም 20,000 ባዶ ፋይሎችን ይፍጠር። የመጀመሪያው ሲነቃ የደረሱትን መልእክቶች ይቁጠርና በፎልደሩ ካሉት ፋይሎች ብዛት ጋር ያነጻጽር።